ሦስቴ ያልተጠየቀው ሱቅ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

አርዴል ወደቁ። ቅዳሜ ጠዋት ከፖስታ ቤት ሲወጡ ደረጃው ላይ በረዶ አንሸራቷቸው የግራ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጎረቤቴ ከሆኑ ሃያ ስድስት ዓመት። አምቡላንሱ እስኪደርስ አጠገባቸው ተንበርክኬ ነበር። በጣም ያምዎታል ወይ ብላቸው፣ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ «አይ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራሽን አትፍቺ» አሉኝ።

ዛሬ ሆስፒታል ሄጄ አየኋቸው። ብረት ገብቶላቸዋል። ልጃቸው ሮጀር ከአሪዞና ደውሎ፣ መጥቼ ላስታምምሽ ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። አይ፣ አትቸገር አሉት። እሱም እሺ ብሎ ዘጋ። ይህን ሲነግሩኝ የሚያዩት ጣሪያውን ነበር። ሮጀር ከዚህ ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የአገሩን ነገር ረስቶታል መሰለኝ። ድመታቸውን እኔ እያበላሁ ነው። እኔን አትወደኝም፣ ምግቡን ግን ትወዳለች።

ማታ የመሃል ከተማ ማደሻ ኮሚቴው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። ጽሕፈቷ ይነበባል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። ከንቲባችን ግሌን (አንደኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበርን፤ ያኔም መቀሴን ይወስድብኝ ነበር) የትንንሽ ከተሞች ውድድር እንዳለ ነገረን። ላሸነፈ ከተማ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ዛፍ፣ ለየሱቁም አዲስ ፊት ይሠራለታል። በከተማችን በሆልምቢ ዋና መንገድ ላይ አሥራ አንድ ሱቅ አለን። ክፍት የሆነው አራቱ ነው፦ ፖስታ ቤቱ፣ መጠጥ ቤቱ፣ የግሌን የመድን ቢሮና የእኔ ልብስ ስፌት። ሰባቱ አቧራ የጠጣ መስኮት ነው። ሕንፃዎቹ አሁን የከተማው ናቸው። የእኔ የኪራይ ውል ጁን 30 ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ውል የሚታደሰው ፕላኑ ውስጥ ለገባ ሱቅ ብቻ ነው አለ ግሌን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩበት ሱቅ ነው፤ መቼም እኔን አይረሱኝም።

ፕላኑን የምታወጣ አማካሪ ከትልቁ ከተማ ትመጣለች። «የሚቃወም አለ?» አለ ግሌን። እኛ አገር ሰው ስብሰባ ላይ አይቃወምም፤ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚቃወመው። «ተቃውሞ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

አማካሪዋ መጣች። ኬልሲ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው፤ ጫማዋ ለእኛ ጭቃ አይሆንም። ትልቅ ካርታ ጠቅልላ ይዛለች። ወንበር ሰጠኋትና የዝንጅብል ኬክ ትቀምሺ እንደሆን ብዬ ጠየቅኋት። «ደስ ይለኛል» ብላ ወዲያው ጎረሰች። በመጀመሪያው ጥያቄ። እኔ ገና ሁለተኛውን እያዘጋጀሁ ነበር። ደነገጥኩ፤ ግን ርቧት ይሆናል፣ እናት የሌላት ትሆናለች አልኩ።

ቀጥላ «የእርስዎን ሱቅ ፕላኑ ውስጥ እናስገባው?» አለችኝ።

«አይ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» አልኳት።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ካርታው ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጋ ሄደች።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅኋት። ሁለተኛውን ለመጠየቅ ትመለሳለች ብዬ። የመጀመሪያው አይ የአስተዳደግ ነው፤ ሁለተኛው የትሕትና ነው፤ ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካላችሁ» ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ስላለች አንዲት ሴት ታሪክ ትነግረን ነበር። መጨረሻው አያምርም።

ነገ ትመጣለች።

ዓርብ

አልመጣችም። ሰባት ዚፕ ቀየርኩ። (አራት ነው። ለማን ብዬ ነው የምዋሸው።)

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ካርታው ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ክፍት ሱቅ ቢጫ፣ ባዶ ሱቅ ግራጫ። ቁጥር 14 ግራጫ ነው። ቁጥር 14 እኔ ነኝ። መጀመሪያ የመብራቱ ጥላ መስሎኝ ወንበሬን አንቀሳቀስኩ። ግራጫው አልተንቀሳቀሰም።

ባለቤቴ ዱዌን ከኋላ ተቀምጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ግሌን «የሚቃወም አለ?» አለ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያን ጊዜ የፓስተሩ ሚስት ካሮት የገባበት ጄሎ፣ ያንን የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ፣ ይዛ መጣች፣ አፌን ለዚያ የከፈትኩት መሰለና አጎረሱኝ። «ተቃውሞ የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ በገዛ እጄ፣ በሚነበብ ጽሕፈት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17

አርዴል ከሆስፒታሉ ወደ ማገገሚያው ተዛውረዋል። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እና ምን ብለሽ መለስሽላት?» አሉኝ።

«አይ አልኳት።»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ከሆነማ እሺ ማለትሽ ነዋ። ምን የማትሰማ ልጅ ናት?»

እንዲህ ሲሉኝ ልቤ ረጋ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ ስለ ሮጀር ጠየቅኋቸው፤ ደግሞ ደውሎ እንደሆን ብዬ። ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመሩ። ሥራ ይበዛበታል አሉኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

እንግዲህ ዱዌንም ሥራ አገኘ። ባዶዎቹ መስኮቶች ለዳኞች ባዶ ሆነው እንዳይታዩ ኬልሲ ሱቅ ይሣልባቸው አለች። ዱዌን ሠላሳ ዓመት ሲሎ፣ ረጃጅሙን የእህል ጎተራ፣ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ነጭ ብቻ። ከነጭ ሌላ ቀለም እንደሚያውቅ እኔ ሚስቱ እንኳ አላውቅም ነበር።

የዳቦ ቤቱን ቅዳሜ ጨረሰው። እንዴት ብዬ ልጻፈው። ዳቦው እንፋሎት አለው። ከካውንቲው ማዶ የመጣ ገበሬ በሩን ሦስቴ ገፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ መስታወቱን አንኳኩቶ፣ ማንም ሳይወጣ ሲቀር ሰዓቱን አይቶ ሄደ። ድንቢጦቹ ደግሞ ፍርፋሪውን ሊለቅሙ መስታወቱን ይገጩታል።

ዱዌንን ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቀኸው ነው ብለው «ማንም አልጠየቀኝማ» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ስብሰባ። አቤቱታ ቀረበ፦ ዳቦ ቤቱ ቅዳሜ እንኳ አይከፈትም። አቤቱታውን ያቀረበችው የፓስተሩ ሚስት ናት፤ ሥዕል መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም አለች፣ ሌላው ሰው አያውቅም። ሃምሳ ደቂቃ ስለ ሰዓቱ ተወያየን። በመጨረሻ በሩ ላይ «አሁን እንመለሳለን» የሚል ይንጠልጠል ተባለ። ተቃውሞ የለም።

ስለ ቁጥር 14 ለመናገር ሰዓት አልቀረም። ኬልሲን ደጅ ላይ ጠብቄ ልነግራት ነበር፤ መኪናዋን አስነስታለች። በሚቀጥለው።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

የመጀመሪያው ትሪ ሰኞ መጣ። ካርታው ፖስታ ቤት ተለጥፏል፤ ሰው ሁሉ ግራጫውን አይቷል። የፓስተሩ ሚስት ድንች፣ የተፈጨ ሥጋና የእንጉዳይ ሾርባ አንድ ላይ የተጋገረበትን ትልቁን ትሪዋን ይዛ፣ ቀብር ላይ የምትለብሰውን ሹራብ ለብሳ መጣች። እጄን ይዛ «ጥሩ ሱቅ ነበር» አለችኝ። የስፌት መኪናዬ ፊቴ እየሠራ ነበር። አልዘጋሁም ብላት ምን ልትሆን ነው? ያንን ሁሉ ድንች ልጣ። ሁለቴ አይሆንም ብዬ በሦስተኛው ተቀበልኩ።

ማክሰኞ ሁለት ትሪ። ረቡዕ ሦስት፣ አንዱ ከመጠጥ ቤቱ። የባለቤቶቹ ስም ከሥሩ በፕላስተር ተለጥፏል፤ እያጠብኩ ለየቤቱ እመልሳለሁ። ስመልስ በር ላይ «እየበረታሽ ነው?» ይሉኛል። እየበረታሁ ነው እላለሁ።

የሰው ሐዘን በዛ፣ የሚሰፋ ልብስ ግን ጠፋ። ለትምህርት ቤቱ ዳንስ የሴት ልጆች ቀሚስ በየዓመቱ ወደ እኔ ይመጣ ነበር፤ ዘንድሮ እናቶቹ ወደ ሌላ ከተማ እየወሰዱ ነው፤ ሐዘንተኛ ላለማስቸገር ብለው።

ዱዌን አራተኛውን ትሪ ሲጨርስ «ይህ ሱቅ በየወሩ ቢሞት ጥሩ ነበር» አለ። ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ሳህን አጠብኩ። የታጠበ ሳህን ነበር።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ራሴን አሞኛል።

ኬልሲ ነዋሪውን በመጠይቅ ጠይቃ ነበር፦ መንገዱ ላይ ምን ሱቅ እንዲኖር ትፈልጋላችሁ? ሠላሳ አንድ ሰው «ልብስ ሰፊ» ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ቁጥር 14 ላይ ልብስ ሰፊ ይሣል።

ቃለ ጉባኤው ውስጥ አስገባሁት። «ለመንገዱ ልብስ ሰፊ እንደሚያስፈልገው ታምኖበት።» ግሌን ሊያየኝ አልቻለም፤ እርሳሱን ያይ ነበር። ተቃውሞ የለም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እህል ጎተራ ሥር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። የማይነቅዝ ነገር እስካሁን አላየሁም።

ረቡዕ፣ ሜይ 15

ቁርስ ላይ ዱዌን እንቁላሉን ሲቆራርጥ ቆየ።

«ልብስ ሰፊ ሥራ ብለውኛል» አለ።

«ሰምቻለሁ። የጻፍኩት እኔ አይደለሁ?»

«አንቺ ካልፈለግሽ እኮ...»

«አይ፣ ሥራህ ነው።»

ሹካውን አስቀመጠ። ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ደግሞ አትሥራ ትለኛለች ብሎ ዝም አለ፣ አሁን ሳስበው። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረን ኖረን፣ እኛም ራሳችን ሁለተኛው ላይ መድረስ አቃተን። «ሰፊዋ ምን ዓይነት ትሁን?» አለኝ ሲነሣ። የምታምር አድርጋት አልኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 22

መስኮቴ ተሣለ። ውስጥ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ብርሃኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ የለም። መብራት አብርቼ ቀጠልኩ።

ወጥቼ አየኋት። የስፌት መኪናዋ የእኔ ነው፤ የተሸረፈው እጀታ ሳይቀር። ቀሚሷ ሰማያዊ ነው፤ የግሌን ሠርግ ላይ ለብሼው የነበረ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት። ዱዌን ያንን ቀሚስ የሚያስታውስ አይመስለኝም ነበር። ሽበት የላትም። ፈገግ ብላለች።

ውሎዬ፦ ፓስተሩ እያለፈ እጁን አውለበለበላት። የፖስታ ቤቷ ልጅ ጤና ይስጥልኝ አለቻት። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ለሁሉም እጄን አነሣሁ። እነሱ የሚያዩት እሷን ብቻ ነው። አንድም ሰው አልገባም። ሰው የሚወዳት ሴት ናት፤ ቀናሁባት ማለት ነውር ነው፣ ስለዚህ አልቀናሁም።

አንድ ነገር ግን አለ። ዱዌን መርፌዋ ጫፍ ላይ ሳንቲም የምታህል ቦታ ሳይቀባ ትቷል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያች ቀዳዳ ገብታ ልክ የእኔ መርፌ ላይ ታርፋለች። ለምን ተውካት ብለው ቀለም አለቀብኝ አለኝ። ጋራዡ ውስጥ አራት ቆርቆሮ ቀለም አለ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

ዳኞቹ ቅዳሜ ጁን 8 ይመጣሉ። ኬልሲ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በጣም በትሕትና፣ በዚያ ቀን በሬን እንድቆልፍና የስፌት መኪናዬን እንዳላሠራ ለመነችኝ። ከባዶ ሱቅ ድምፅ ሲወጣ ዳኞቹ ግራ ይገባቸዋል አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። የእጅጌዋ ስፌት ተተርትሯል፤ እያወራች ሳለ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ቢተረተርም የሚሰፋላት ሰው በካርታው ላይ የለም።

ውሌ ሊያልቅ አንድ ወር ከሁለት ቀን። ያቺን አንዲት ነገር ለማለት ስድስት ሳምንት ነበረኝ። ሰው ለራሱ እንዲህ ምላሱ ይታሰራል?

ረቡዕ፣ ሜይ 29

ለሮጀር ደወልኩ። ቁጥሩን ከአርዴል ማቀዝቀዣ በር ላይ ነው ያገኘሁት። እሳቸው ቤታቸው ተመልሰዋል፤ በምርኩዝ ጋሪ ነው የሚሄዱት፤ የታከመው እግር በሁለት ጣት አጥሯል።

«ጠይቄያት ነበር እኮ ማርሊስ» አለኝ ሮጀር። «አትምጣ አለችኝ።»

«ስንቴ ጠየቅካት?»

«አንዴ።»

«ሮጀር፣ አንተ የት ነው ያደግከው?»

ከዚያ ቀስ ብሎ «ኧረ የእኔ ነገር» አለ።

ማታ አርዴል በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ሮጀር ሁለቴ ደወለ አሉኝ፤ በመጀመሪያው አይ አልኩት፣ በሁለተኛው ካልክማ አልኩት። ቅዳሜ ጁን 8 ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ ክረምቱን እዚህ ነው። ይህን ሲነግሩኝ አበባ እያጠጡ ነበር፤ አበባው ጎርፍ ወስዶታል።

ሰኞ፣ ጁን 3

አርዴል ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አመጡ። እግራቸው ስላጠረ ቀሚሱ በግራ ይወርዳል። በዚያ በኩል ጠርዙን ሁለት ጣት ላነሣው ነው። «ልጄ ዘንበል ብዬ እንዲያየኝ አልፈልግም» አሉኝ። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ በእጅ አይሰፋም። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ይለኩታል። ቅዳሜ ቀኑ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከሄዱ በኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት በሬን ቆለፍኩ። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ግን ቀሚሱ አላለቀም፤ ስለዚህ መኪናውን ቀስ አድርጌ፣ አንድ ጥልፍ አንድ ጥልፍ እያልኩ አሠራሁት። እንደ ሌባ። በገዛ ሱቄ።

አራት ሰዓት ሲሆን ሰልፉ መጣ፤ በቀዳዳዋ አየሁ። ሦስት ዳኞች፣ ግሌን፣ ኬልሲ፣ ኮሚቴው በሙሉ። ዳቦ ቤቱ ፊት ቆሙ። አንደኛዋ ዳኛ አሁን እንመለሳለን የሚለውን አንብባ፣ መቼ ይመለሳሉ ብላ ጠየቀች። ግሌን «በቅርቡ» አላት።

በዚያው ቅጽበት ከወዲያ በኩል የአርዴል ምርኩዝ ጋሪ ቋ ቋ እያለ ደረሰ። በሬን ገፉ። ተቆልፏል። አንኳኩ።

«ማርሊስ» አሉ። «ክፈችልኝ እንጂ፣ ልጁ እኮ ሊደርስ ነው።»

ግሌን ሮጦ መጣ። እዚህ ማንም የለም አርዴል፣ ሥዕል ነው አላቸው። አርዴል ሥዕሏን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«እሷን አላልኩም» አሉት። «ከኋላዋ ያለችውን ነው። መኪናው ሲሠራ ሰምቻለሁ።»

ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት ወደ ቀዳዳዋ ጎንበስ አልኩ። ረጅሙ ዳኛም ለካ ከውጭ ጎንበስ ብሎ ነበር። ዓይን ለዓይን ገጠምን። እሱ ወደ ኋላ ዘሎ ግሌን እግር ላይ ቆመ።

ተመልሶ በሩ ጋ መጣና በጣም በጨዋ ድምፅ «ይቅርታ፣ ክፍት ነው?» አለ።

አይ፣ አትቸገሩ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አፌን ሞልቶት ነበር። ግን ሰውየው የከተማ ሰው ነው፤ ሁለተኛ አይጠይቅም። ቢጠይቅ እንኳ እስከ ሦስተኛው አርዴል በአንድ እግራቸው ደጅ ሊቆሙልኝ ነው።

«አዎ» አልኩ። «ክፍት ነው፤ ግቡ።»

በመጀመሪያው ጥያቄ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ምድር አልተከፈተችም። እናቴም ከመቃብር አልተነሣችም።

ሁሉም ገቡ። አርዴልን አቁሜ ጠርዙን ለካሁ፣ ሰፋሁ፣ ዳኞቹ ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። የረጅሙ ዳኛ ኮት ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል፤ አውልቀው ብዬ ያንንም ሰፋሁለት። አርዴል ቀሚሱን ለብሰው ወጡ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ግሌን ፊቱ እንደ ዱቄት ነጥቷል። ዳኞቹ አጨብጭበው ሄዱ።

ሮጀር ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። መላጣ ሆኗል። በአጥሩ በኩል አየኋቸው፤ አርዴል ቀጥ ብለው ቆመው ነበር የተቀበሉት።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

የዳኞቹ መልስ መጣ። አላሸነፍንም። ግን ልዩ ሽልማት ተሰጥቶናል። ግሌን ቆሞ አነበበው፦ «በቁጥር 14 ላየነው ሕያው ትርኢት። ልብስ ሰፊዋም ሆነች አረጋዊቷ ተዋናይት እውነተኛ እስኪመስሉ ድረስ ተጫውተዋል፤ የተሰፋው የኮት ቁልፍ እንኳ እስካሁን አልወለቀም።»

ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳል ያዘው።

በዚህ ሽልማት፣ ይላል ደብዳቤው፣ ትርኢቱ ቋሚ እንዲሆን አዲስ መስኮትና መብራት ይሠራለታል፤ ንግድ እንዳይመስል ግን ደንበኛ አይገባበትም። ግሌን መነጽሩን አወለቀ። እንግዲህ ማርሊስ ከጁን 30 ወዲያ እንደ ወትሮዋ እዚያው ትቀመጣለች፣ በሩ ብቻ ይቆለፋል አለ። «ሥራው ያው ነው። ደንበኛው ነው የሚቀረው።» ከዚያ «የሚቃወም አለ?»

ጄሎው በሰሃኑ ይንቀጠቀጣል። እጄ ለምዶበት አስቀድሞ «ተቃውሞ» የሚለውን ጽፎታል። የቀረው አንድ ቃል ነው።

«አለ» አልኩ።

ግሌን ዙሪያውን ተመለከተ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ። ኤፕሪል 11 አይ ያልኩት እሺ ማለቴ ነበር። ሱቄን እፈልገዋለሁ። አልሞተም። ትሪዎቻችሁን ሁሉ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አልሞተም።»

ማንኪያ ወደቀ። ከዚያ ከኋላ ዱዌን፣ ስብሰባ ላይ ቃል ተናግሮ የማያውቀው ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሁለት ብለሽ ጻፊ» አለ።

የፓስተሩ ሚስት እንግዲህ ካላችሁ እኔም አለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ዘጠኝ ደረስኩ። በመጨረሻ ግሌን ራሱ እጁን አነሣ። እውነቱን ልንገራችሁ አለ፣ እኔ ግራጫው ካርታ ከተሰቀለ ጀምሮ አልወደድኩትም፤ ማንም ምንም ስላላለ የተደሰታችሁ መስሎኝ ነው። አማካሪዋ ኬልሲ አንዳችንን አይታ ሌላችንን እያየች፣ «ታዲያ ለምንድን ነው ያልነገራችሁኝ?» አለች። ሁላችንም ጄሎውን አየን።

«ተቃውሞ፦ አሥር» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

ስንወጣ ግሌን ደጅ ላይ ጠብቆ፣ ውሉን ላድስልሽ ወይ አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ሁለተኛውን ሊጠይቀኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከደነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 22

ዱዌን መስኮቱን በምላጭ ፋቀው። ለሁለት ቀን ትንሽ ትንሽ እያለ። የተሣለችው ሰፊ እጅ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አየኝ። እጇን ተዋት አልኩት፤ መርፌ የያዘችውን። እጇን ብቻ ትቶ ጨረሰ። አዲስ ፊት አልተሠራልኝም። ጣሪያው ያው ያፈስሳል፤ ባልዲው ቦታው ላይ ነው።

ዛሬ የመጡ፦ የፓስተሩ ሚስት፣ ሦስት ቀሚስ ይዛ፤ ጥሩ ሱቅ ነው አለችኝ፣ «ነበር» አላለችም። ሮጀር፣ የእናቱን መጋረጃ ይዞ፤ ሌሊት አብራኝ የምታድረው የእሷ ድመት ብቻ ናት አለኝ። ያ ከካውንቲው ማዶ የመጣው ገበሬ፣ ዳቦ ቤቱ ዛሬም አልተከፈተም ወይ ብሎ፤ እውነቱን ነገርኩት፣ ሥዕል ነው አልኩት፤ አውቃለሁ አለኝ፣ ግን ተስፋ አይቆረጥም። ግሌን፣ ሱሪ ይዞ። ቆሞ ቆሞ ተቀይመሽኛል ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ማክሰኞ ውሰደው አልኩት።

መጨረሻ ላይ ኬልሲ። ወደ ከተማ መመለሷ ነው፤ የተተረተረውን እጅጌ አመጣች። እየሰፋሁ ሳለ ኬክ ቅመሺ አልኳት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ አትቸገሩ» አለችኝ። ዓይኗ ግን ኬኩ ላይ ነበር።

ደግሜ ጠየቅኋት። «አይ፣ በእውነት፣ በልቻለሁ» አለች።

ክሩን በጥሼ፣ መርፌውን ሰክቼ፣ ሦስተኛውን ጠየቅኋት።

ሁለት ቁራጭ በላች።